ልጄን የላክሁበት በረዶ

በረዶ እንጀራዬ ነው። መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪና ሁሉ ትንሽ ቆም በሚልበት ቦታ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ተሳፋሪው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ከጎረቤቶቼ ማንጎ ይገዛል፣ ከእኔ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ። ባዶ ሃይላንድ አጥቤ ውሃ እሞላና ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ያንን በረዶ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ከለስላሳውና ከታሸገው ውሃ ጋር እደረድረዋለሁ። መብራት ቢጠፋም እስከ ዐሥር ሰዓት ያቆይልኛል። የእኛን አገር ሐሩር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ ልጄ አንድ ዓርብ ከወልድያ መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማ፣ በረዶ ልለካ ኬንያ ልሄድ ነው» ስትለኝ ቀልድ መሰለኝ።

«ፍሪጁ ይኸው፤ እዚሁ ለኪው» አልኋት።

አልሳቀችም። ወልድያ ግቢ ገብታ ጂኦግራፊ ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። መምህሯ ከክፍሉ ተማሪዎች እሷንና ሌሎች ሁለት መርጧል። ኬንያ ውስጥ በምድር ወገብ ላይ የቆመ፣ አናቱ በረዶ የሆነ ተራራ አለ፤ ያ በረዶ ከዓመት ዓመት እየከሳ ነው፤ ከሌላ አገር ተማሪዎች ጋር ሆነው ወጥተው፣ በበረዶው ውስጥ የተተከለ ረጅም ዘንግ ምን ያህል ብቅ እንዳለ ይለካሉ። ይህን ሁሉ ቆማ ነገረችኝ።

«በረዶው ላይ ትወጫለሽ?»

«እወጣለሁ።»

«በእግርሽ?»

«በምን ልወጣ ነበር እማ፣ በባጃጅ?»

«እያለቀ ባለው በረዶ ላይ ነው የምትቆሚው?»

ቦርሳዋን አወረደችና ውሃ ጠጣች። ፍርሃቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው፣ ውሃውን ስትጠጣ።

ሰው በረዶ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። የሚያልቅ በረዶ አታላይ ነው። ላዩን ስታዩት ሙሉ ነው፣ ያበራል። ከሥሩ ግን ውሃው ቦርቡሮታል። ጣቴን ጫን ሳደርግበት ኩርሽም ብሎ ይገባል። በየቀኑ ከባልዲዬ የማየው ነገር ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ታዲያ ያን ሰሞን እጄን ባልዲው ውስጥ በከተትሁ ቁጥር፣ በጣቴ ፈንታ የልጄ እግር ይታየኝ ጀመር።

በእኛ ሰፈር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ዱአ ሳይደረግለት አይወጣም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ በዕድሜ የገፋችው ትለምናለች፣ ሌላው አሚን ይላል። የሚሄደው ልጅ ከሆነ ደግሞ የእናት አሚን ነው የሚጠበቀው። እሷ ዝም ካለች ዱአው እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል፤ ደፍሮ የሚሄድም የለም። ልጄም ይህን ስለምታውቅ፣ «አንቺ አሚን ካላልሽ አልሄድም» አለችኝ። ነገሩን እንዲህ አድርጋ አፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። እሺ ብላት ልትሞት ትችላለች፤ እምቢ ብላት የደከመችበትን ነገር ከእጇ መንጠቄ ነው። ሌላ ነገር ብትጠይቀኝ ምን ነበር አልሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከእሷ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ እሷ ጮክ ብላ ስታነብ እኔ ሽሮ እያማሰልሁ እከተላት ነበር። ከዚያ የመኪናውን ጽሑፍ፣ ከዚያ ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፤ እንዲህ እንዲህ እያልሁ ዛሬ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እሷም ይህን ታውቃለች። በሚቀጥለው ዓርብ አንድ ደብተር ይዛ መጣች። የሚማሩበትን እንግሊዝኛ ለእኔ ብላ በአማርኛ ገልብጣዋለች።

«አንብቢውና ከዚያ ወስኚ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ደብተሩን ያነበብሁት ለማወቅ ብዬ አልነበረም። ልጄን የሚገድልብኝ የቱ ጋ እንደተደበቀ ልፈልግ ብዬ ነው። ደግሞም በእኛ ዘንድ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከምን መጣበት?» ነው። ምክንያቱ ከታወቀ መላው አይጠፋም። የበደለ ሰው ካለ ሽማግሌ ይላክበታል። በረዶውን የሚያከሳውን ባውቅ፣ ምናልባት የሚለመን ነገር አገኛለሁ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ የበረዶ ግግር ማለት በአንድ ቀን የወረደ በረዶ አይደለም። ለብዙ ዘመን አንዱ በአንዱ ላይ ሲወርድ፣ የላዩ የታቹን ሲጫን፣ እንደ አለት የሆነ ነው። ከላይ የሚወርደው አዲስ በረዶ ምግቡ ነው። ከታች የሚቀልጠው ላቡ ነው። ምግቡ ካነሰበት ወይም ላቡ ከበዛበት ይከሳል። አሁን ሁለቱም ደርሰውበታል።

ላቡ የበዛው አየሩ ስለሞቀ ነው። ከመኪናው፣ ከፋብሪካው፣ ከሚቃጠለው ነዳጅና ከድንጋይ ከሰሉ የሚወጣው ጭስ ሰማይ ላይ እንደ ጋቢ ይደረባል፤ ምድር የቀን ሙቀቷን እንዳትተነፍስ ይይዛታል። ይህን ሳነብ አንድ የጭነት መኪና ሱቄ ፊት ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። ጭሱ ገብቶ ደብተሩ ላይ ተኛ። ረዳቱ ወርዶ ሁለት ውሃ ገዛኝ። መኪና ባያልፍ እኔም ልጄም አንበላም። ማን ላይ ሽማግሌ ልላክ?

ምግቡ ያነሰው ደግሞ ደመናው ስለቀነሰና የዝናቡ ጊዜ ስለተዛባ ነው። በረዶ ሆኖ መውረድ የነበረበትም አንዳንዴ ዝናብ ሆኖ ይወርድበታል። አዲስ በረዶ ነጭ ስለሆነ ፀሐይን ይመልሳል። አዲስ ካልወረደበት ግን ያረጃል፣ አቧራና ጥቀርሻ ይለብሳል፤ የጠቆረ በረዶ ፀሐይን አይመልስም፣ ይጠጣታል እንጂ።

ይህን የመጨረሻውን አላመንሁም። ጥቀርሻ ቢያርፍበት ምን ያመጣል? በማግስቱ ልጄ ሁለት ሃይላንድ በረዶ ከፍሪጅ አውጥታ ፕላስቲኩን ቀደደችና በትሪ ላይ ፀሐይ አሰጣቻቸው። በአንደኛው ላይ የከሰል ብናኝ በስሱ ነሰነሰችበት። አንድ የሚኒባስ ሹፌር መሪውን እንደያዘ ያየናል።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ውሃ በከሰል ነው የምትሸጪው?»

«ለአንተ የተሠራ ነው፤ ሆድህ ስለሚጮህ» አልሁት።

«ኧረ የእኔ ሆድ የሚጮኸው ለልጅሽ ነው፤ ጂኦግራፊ ተምራ ይኼን ልትሠራ ነው?»

«አንተስ መንጃ ፈቃድ አውጥተህ ቆመህ የለም?» አለችው ልጄ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁበት።

ሳቁ ሳያልቅ ጥቁሩ በረዶ መጉደል ጀመረ። ነጩ ጫፎቹን ብቻ ሲያልብ፣ ጥቁሩ ከሰሉ ባረፈበት ባረፈበት እየተቦረቦረ ወደ ውስጥ ገባ፣ እንደ ወንፊት ሆነ፣ ከዚያ ተሰበረ። ሹፌሩም ቀልዱን አቆመ። ልጄ «አየሽ?» አለችኝ ደስ ብሏት። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የተሰበረበትን ድምፅ ሰምቼ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ።

የሚቀጥለውን ገጽ ደግሞ ከእሷ ይልቅ እኔ ነበርሁ የማውቀው። በረዶው እየጠበበ ሲሄድ ዙሪያው ያለው ጥቁር ድንጋይ ብቅ ይላል፤ ድንጋዩ ይግላል፤ የጋለው ድንጋይ የቀረውን ጫፍ ያቀልጣል፤ ሌላ ድንጋይ ይወጣል። ባልዲዬም እንዲሁ ነው። በረዶ በረዶን ይጠብቃል። ሞልቶ ሳለ መብራት ቀኑን ሙሉ ቢጠፋ አይደነግጥም። አንዴ ከጎደለ ግን የቀረችው ቁራጭ ዓይኔ እያየ ነው የምትሄደው። ልጄ የምትወጣው ከዚያች ከቀረችው ቁራጭ ላይ ነው ማለት ነው።

የፈራሁትንም መጨረሻ ላይ አገኘሁት። ሌላው ገጽ በትልቁ የተጻፈ ሆኖ እሱ ግን በደቃቁ ተጽፏል፤ እንዳላየው ብላ ይሆናል። «በረዶው ስንጥቅ አለው። አንዳንዱ በስስ በረዶ ይሸፈናል። ስለዚህ በገመድ ተያይዘን ነው የምንሄደው።» ገመድ የሚለው ቃል እንዲያጽናናኝ ነበር የጻፈችው። እኔ ግን ገመድ ምን እንደሆነ ከብት ገደል ሲገባ አይቻለሁ። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይጎትታል።

በዚያው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ከላይ ከደጋው ድንች ጭነው የሚመጡ ሽማግሌ ደንበኛዬ ሱቄ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ደብተሩን ሳገላብጥ አይተው ምን እንደማነብ ጠየቁኝ።

«አባባ፣ የእናንተ አገር ውርጭ እንዴት ነው ዘንድሮ?» አልኋቸው በምላሹ።

«ውርጭ የታለና። ድሮ ባቄላችንን ሲያቃጥለው እንራገመው ነበር። እርግማናችን ደረሰ መሰለኝ፣ ሄደልን።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ውርጩ ሲወጣ ወባ ገባ። የልጄ ልጅ በወባ ተኝታ ሰነበተች። ያቺ ልጅ ቆላ ረግጣ አታውቅም፤ መርሳን እንኳ በወሬ ነው የምታውቀው።»

«ወባ ደጋ ወጣች እያሉኝ ነው?»

«እናንተ ቆለኞች ሁሌ ደጋ መውጣት ትወዱ የለ? ትንኟም እናንተን አይታ ነው» አሉና በጥርሳቸው ብቻ ሳቁ። ከዚያ ውሃቸውን ሳይጨርሱት አስቀመጡት።

እስከዚያ ቀን የፈራሁት አንድ ተራራ ነበር፣ አገሩን የማላውቀው። ከእሳቸው በኋላ ግን ያ በረዶውን የሚበላው ነገር በእኛም ራስጌ በኩል እየወጣ እንደሆነ ተሰማኝ፤ እኛ በረዶ ስለሌለን ብቻ ነው ሲሄድ የማናየው። ልጄን ቤት ባስቀምጣት እንኳ ከምኑ ነው የማስጥላት?

ቢሆንም አሚን ለማለት አልቻልሁም። ማወቅ ሌላ፣ አፍን መክፈት ሌላ ነው።

የዱአው ቀን ደረሰ። ከዙህር ሶላት በኋላ ሴቶቹ ቤቴ ተሰበሰቡ፤ አጠገቤ መለዋወጫ የምትሸጠው ክርስቲያኗ ጎረቤቴም ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ሰፈሩን ሁሉ መርቀው ያሳደጉት ትልቋ ሴትዮ መሃል ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ መንገዷን ቅን አድርግላት።»

«አሚን።»

«ከሚመራት ደግ ሰው አገናኛት።»

«አሚን።»

«የረገጠችው ይጽናላት፣ ሄዳ ትመለስ።»

«አሚን» አሉ ሁሉም። እኔ ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። ድምፅ አልወጣኝም። ትልቋ ሴትዮ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንቺ፣ አሚንሽ የት ሄደ?»

«ብያለሁ እኮ እማማ።»

«አልሰማሁም። ደንቁረዋል እንዳትይኝ፣ ፍየልሽ ስታመሰኳ እንኳ እሰማለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ያን ጊዜ ያመቅሁት ሁሉ ወጣብኝ። «እማማ፣ አንቱ አልገባዎትም። ልጄ የምትሄደው እየፈረሰ ወዳለ ነገር ነው። የሚፈርሰውን ሰው ይሸሸዋል እንጂ ልለካው ብሎ ይወጣበታል? ቢለካስ ይድናል?»

እሳቸውም እጃቸውን ሳያጥፉ እንዲህ አሉኝ፤ «እኔ ልጅ እያለሁ፣ ወባ እዚህ ቤት ለቤት ስትጨርሰን፣ አንድ ሰው መጣ። በየቤታችን እየገባ ከግድግዳ ላይ ትንኝ በጠርሙስ ይይዛል። ይዞ ይቆጥራል። ጽፎ ይሄዳል። እብድ ነው ብለን ሳቅንበት። ትንኝ በመቁጠር ማን ዳነ ብለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የት ቤት እንደምትበዛ በእሱ ቁጥር ታወቀና መድኃኒት ተረጨ። ያም ሰው እናት ነበረችው። ወባ ወዳለበት አገር አትሂድብኝ ብላ አሚኗን ብትይዝበት ኖሮ፣ እኔ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ያንቺን አሚን አልለምንም ነበር።»

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላየችኝም፤ መሬቱን ነው የምታየው። በዓይኗ ብትለምነኝ ኖሮ እምቢ ማለት በቻልሁ። አሚን አልሁ። ደፋር አሚን አልነበረም፤ የፈራ ሰው አሚን ነበር። ትልቋ ሴትዮ «ይኸኛው ተሰማ» አሉና ፊታቸውን ጠረጉ።

መንገዱ ክፍት በሆነ ሳምንት ወደ ኮምቦልቻ ወረደችና ከዚያ በአውሮፕላን ሄደች። ከተራራው ግርጌ ስትደርስ ደወለችልኝ። «ነገ መውጣት እንጀምራለን። ሦስት ቀን ኔትወርክ የለም። በአራተኛው ቀን እደውላለሁ።»

ሦስቱን ቀን እንዴት እንደዋልሁ አልነግራችሁም፤ ሥራዬን ብቻ ልንገራችሁ። በረዶ ውሃ ሲነካው ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አሁን ባልዲው ቀጭ ባለ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። መለዋወጫ ሻጯ ጎረቤቴ አይታኝ በሦስተኛው ቀን ባልዲውን ወስዳ ከራሷ ሱቅ አስቀመጠችው። «ደንበኛሽን እኔ አስተናግድልሻለሁ፤ አንቺ ስልክሽን ያዢ» አለችኝ።

አራተኛው ቀን ጠዋት አልደወለችም። ዙህር አለፈ። ሰገድሁ፣ ስልኩን መስገጃው ራስጌ አድርጌ። ሁለት ጊዜ ጠራ፤ አንዱ ማንጎ ነጋዴ ነው፣ አንዱ ተሳስቶ ነው። ለተሳሳተው ሰውዬ ያልሆነ ስድብ ሰደብሁት፤ ይቅር ይበለኝ። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ፊቴ እንደቆመ ስልኩ ጮኸ።

«እማ።»

«ወድቀሻል?»

«አልወደቅሁም። ወርደናል። ደህና ነኝ።»

«ማንም አልወደቀም?»

«ማንም። እማ፣ ስንጥቁን አላየሁትም። ገመዱንም አላሰርነውም። ዘንጉ የተተከለበት ቦታ ስንደርስ፣ ዘንጉ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ አገኘነው።»

«ማን ነቀለው?»

«ማንም አልነቀለው። የተተከለበት በረዶ አልቆ ነው የወደቀው።»

«ታዲያ እናንተ ምን ላይ ቆማችሁ?»

«ድንጋይ ላይ። ደረቅ ድንጋይ።»

«አልሐምዱሊላህ» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ የአውቶቡሱ ሰው ዞሮ አየኝ። በዚያኛው ጫፍ የልጄ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማሁ፤ እያለቀሰች ነበር። በረዶው በማለቁ እንዳመሰገንሁ ያኔ ገባኝ።

«የሚመሩን ሽማግሌ ናቸው» አለችኝ ስትረጋጋ። «በወጣትነታቸው በረዶው የት ድረስ እንደነበር አሳዩን ስንላቸው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ከራሳችን በላይ አየሩን አሳዩን እማ። እዚያ ላይ ነበር የምንሄደው አሉን።»

«ከተራራው ሥር ያሉት ሰዎችስ? ውሃቸው ከእሱ አይደል?»

«የምታበስልልን ሴትዮም እንደ አንቺው ጠየቀችን። ዝናብ አለ፣ በረዶው ብቻ አይደለም የሚያጠጣችሁ አልናት። እሷ ግን ምንጩ መቀነሱን ራሷ ታውቀዋለች።»

አውቶቡሱ ሄደ። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልሁ። ልጄ በሕይወት አለች፤ ስለዚህ ፍርሃቱ መውረድ ነበረበት። አልወረደም። የሚይዘው ነገር አጥቶ ሰውነቴን ሁሉ ዞረ።

ከሳምንት በኋላ ቤት ገባች፤ አፍንጫዋ ተልጧል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እንደ ሕፃን እግሯን አጠብሁላት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሙሉ ናቸው። የሚመሯቸው ሰዎች ዘንጉን ከፍ ወዳለ ቦታ፣ በረዶ ወደቀረበት፣ ወስደው እንደተከሉትና በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ እንድትለካው እንደጠየቋት የነገረችኝ ውሃው ውስጥ እግሯ እንዳለ ነው። አንገቷን ደፍታ ጠበቀችኝ፣ እንድቆጣ።

«እስከዚያ በረዶው ይቆያል?» አልኋት።

«አላውቅም እማ» አለችኝ።

ፎጣውን አንስቼ እግሯን ማድረቅ ጀመርሁ።